የዓይን ሞራ ተገፍፎ በዚያው ቀን ወደ ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓይን ክሊኒክ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጠዋት ጠዋት አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው የሚያነሳው ጥያቄ፣ ዓመት ቢቀየርም አይቀየርም። ጠያቂው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታካሚው ራሱ አይደለም። እናቱን ወይም አባቱን እጅ ይዞ ያመጣ ልጅ ነው። ስለዚህ የጻፍኩት ለእናንተ ለአስታማሚዎቹ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቃችሁን አውቀዋለሁ፦ "ዓይንን የሚያህል ነገር ተከፍቶ እንዴት በዚያው ቀን ወደ ቤት ይባላል?" እሱን ረዘም አድርጌ መልሼዋለሁ። ሌላውን እንደየክብደቱ።

ሞራው በትክክል የት ነው ያለው?

ብዙ ሰው ዓይን ላይ የተዘረጋ ስስ ቆዳ ይመስለዋል። "ይገፈፍልኝ" የምንለውም ለዚህ ነው። ሞራው ግን ከላይ አይደለም። ከብሌኑ ጀርባ የምስር ቅርጽ ያላት፣ ጥርት ያለች ሌንስ አለች። ብርሃን ወደ ዓይን ጓዳ የሚዘልቀው በእሷ በኩል ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህች ሌንስ ትደፈርሳለች። ያ ድፍርስ ነው ሞራ የሚባለው።

ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው። የስኳር ሕመም፣ ሲጋራ፣ ለረጅም ዓመት ፀሐይ ላይ መዋል፣ በእንጨት ወይም በድንጋይ መመታትም ያፋጥኑታል። አንድ ደግሞ ሰው የማይጠረጥረው አለ፤ ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ። ለማሳከክ ተብሎ ከፋርማሲ ይገዛል፣ ያሽላል፣ ከዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ይቀጠላል። በዚህ የተነሳ በወጣትነቱ ሞራ የጋረደው፣ አልፎም የዓይን ግፊት የያዘው ልጅ አይቻለሁ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ብልቃጥ ካለ ሐኪም አሳዩት።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው። ማለትም ሊመለስ የሚችል ብርሃን።

"ገና አልበሰለም፣ ይብሰልና ትምጣ" ተብለናል። እውነት ነው?

ድሮ ልክ ነበር። ድሮ ሌንሱ ከነሽፋኑ ነበር የሚወጣው፤ በቦታው የሚተካም አልነበረም። ታካሚው የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርጎ ነበር የሚኖረው። ስለዚህ ትንሽ የሚያይን ሰው መሥራት ማክሰር ይሆን ነበር።

ዛሬ መለኪያው የሞራው ብስለት ሳይሆን የሰውየው ኑሮ ነው። እናታችሁ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷቸዋል? የብር ኖት በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚለዩት? ደረጃ ላይ ተደናቅፈዋል? እንግዲያው ጊዜው ደርሷል። እንዲያውም ከመጠን በላይ የበሰለ ሞራ ድንጋይ ስለሚሆን ለሠሪውም ያስቸግራል። አንዳንዴ ያብጥና ወይም ያፈስና የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርገዋል። ያኔ ዓይኑ ይቀላል፣ ከባድ ሕመም ይመጣል፣ ነርቩም ሊጎዳ ይችላል።

ያለ ቀዶ ሕክምና በጠብታ አይጠፋም?

አይጠፋም። ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ የለም። መነጽር መጀመሪያ አካባቢ ጥቂት ይረዳል፤ በኋላ እሱም ያቅተዋል። ሰፈር ውስጥ የሚታዘዘው ቅጠል፣ የጡት ወተት፣ ሌላም ሌላም ዓይኑን ከማቁሰል አልፎ ለቀዶ ሕክምናው እንዳይመች ያደርገዋል። ተቆጥቼ አይደለም፤ ኮርኒያቸው፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ጠባሳ ይዞ የመጡ ሰዎችን ስላየሁ ነው።

ተሠርቶ በዚያው ቀን ወደ ቤት መሄድ አደጋ የለውም? ቢያንስ አንድ ሌሊት ቢያድሩስ?

ዋናው ጥያቄ መጣ።

መጀመሪያ ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ድሮ የሞራ ቀዶ ሕክምና ማለት አልጋ መያዝ ነበር። ቀዳዳው ሰፊ ነበር። ታካሚው ከራሱ ግራና ቀኝ የአሸዋ ከረጢት ተደርጎለት፣ ሳይነቃነቅ ለቀናት በጀርባው ይተኛ ነበር። ሽማግሌዎቻችን የሰሙት ይህንን ነው። ስለዚህ "ሂዱ፣ ጨርሰናል" ሲባሉ የተናቁ ይመስላቸዋል።

አሁን የተለወጠው ቀዳዳው ነው። ፋኮ በሚባለው፣ በማሽን በሚሠራው አሠራር ከሆነ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። በአገራችን በብዛት በሚሠራው፣ ማሽን በማይፈልገው አሠራር ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እሱም ቢሆን ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ አይደለም። እንደ ዋሻ ተጠማዞ ስለሚገባ፣ የዓይኑ የራሱ ግፊት ከውስጥ ገፍቶ ይዘጋዋል። ብዙ ጊዜ ስፌት እንኳ አያስፈልገውም። ሙሉ ሰመመን ስለማይሰጥም ታካሚው በእግሩ ገብቶ በእግሩ ይወጣል።

ታዲያ በዚያው ቀን የሄደና አልጋ ይዞ ያደረ ሰው ልዩነት አላቸው ወይ? ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች በመጨረሻ የእይታ ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ጎልቶ የታየው ልዩነት ወጪው ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በዚያው ቀን መሄድ የተለመደው አሠራር ከሆነ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

እኔ ግን ለቤተሰብ ሳስረዳ ጥናት አልጠቅስም። ይህን ነው የምላቸው፦ የምንፈራቸው ነገሮች የሚመጡበትን ቀን እዩ። የዓይን ግፊት መጨመርና የቁስሉ ማፍሰስ በመጀመሪያው ቀን ይታያሉ። ለዚህ ነው በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ የምንለው። ዋናው የሚያስፈራው፣ ዓይን ውስጥ የሚገባው ኢንፌክሽን፣ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። አንድ ሌሊት ሆስፒታል ቢያድሩ እሱን አታዩትም። የሚያየው ቤት ውስጥ አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚተኛ ሰው ነው። እንግዲህ አልጋው አይደለም የሚጠብቃቸው። እናንተ ናችሁ።

ሆስፒታል ማደር የሚያስፈልጋቸው የሉም አልልም። ሌላው ዓይናቸው ጨርሶ የማያይና አስታማሚ የሌላቸው፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመማቸው ያልተረጋጋ፣ ሙሉ ሰመመን የተሰጣቸው፣ በቀዶ ሕክምናው መሐል ችግር የገጠማቸው። ለእነዚህ አልጋ ጠይቁ፤ አትፈሩ።

ዓይኑ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተመልሶ ነው የሚገባው ይባላል

አይወጣም። ይህ ወሬ ከየት እንደተነሳ አላውቅም፤ ግን ስንቱን ሰው ቤቱ አስቀርቷል። ዓይን ከኋላ በነርቭ የታሰረ ነው። አውጥቶ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል። ዓይኑ በጠብታ ወይም ዓይን አካባቢ በሚወጋ መርፌ ይደነዝዛል። ቆዳውና ዓይኑ በአዮዲን ይጸዳል። ይህች ማጽዳት ርካሽ ናት፤ ኢንፌክሽንን በመከላከል ግን ተወዳዳሪ የላትም። ፊት በአረንጓዴ ጨርቅ ይሸፈናል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እየታየ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ሌንሷን የያዘችው ቀጭን ከረጢት ከፊት በክብ ትቀደዳለች፣ ድፍርሱ ይወጣል፣ በባዶው ከረጢት ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። በለመደ እጅ 10 ወይም 15 ደቂቃ ነው። ዝግጅቱና ጥበቃው ነው ግማሽ ቀን የሚበላው።

ሰው ሠራሿ ሌንስ ዕድሜ ልክ ትቆያለች። አትቀየርም፣ አታረጅም። ታሪኳም ደስ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የለንደን ሐኪም ዓይኑ ያንን ፕላስቲክ እንደማይቆጣው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1949 ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ ሠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። ባልደረቦቹ ለረጅም ዓመታት አብደሃል ብለውት ነበር።

ያማል? መሐል ላይ ቢያስላቸውስ?

ማደንዘዣው ሲወጋ ቆንጠጥ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሲነካቸውና ውኃ ሲወርድ ይሰማቸዋል እንጂ ሊያማቸው አይገባም። ካመማቸው ይናገሩ፤ ይጨመርላቸዋል። ነቅተው ስለሚሠሩ ያወራሉ፣ ይሰማሉ። መነቃነቅ ግን አይገባም። ጉንፋን ይዟቸው በብርቱ የሚያስላቸው ከሆነ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን አዙሩት። ሊያስላቸው ሲል "ሊያስለኝ ነው" ይበሉ፤ ሠሪው እጁን ያነሳል። ጀርባቸው ጎብጦ ቀጥ ብለው መተኛት የማይችሉ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ትራስ እናመቻቻለን።

ፋኮ ነው የሚሻለው አሉን። ገንዘብ ብንበደርስ?

አትበደሩ ባልል ደስ ይለኛል፤ ግን እላለሁ።

ፋኮ ሞራውን በድምፅ ሞገድ ፈጭቶ የሚመጥ ማሽን ነው። ቻርልስ ኬልማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥርስ ማጽጃውን አይቶ ነው ያሰበው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ላይ አዋለው። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይድናል፣ የቁስሉ ጠባሳ ዓይኑን የሚያዛባውም ያንሳል። ጥሩ አሠራር ነው።

ነገር ግን ኔፓል ውስጥ በ108 ታካሚዎች ላይ ሁለቱ አሠራሮች ተወዳድረው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። ከ6 ወር በኋላ በሁለቱም ወገን 98 በመቶው በመነጽር ታርሞ ጥሩ እይታ ነበረው። ማሽን የማይፈልገው አሠራር ደግሞ ፈጣንና ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ታካሚዎቹ እንደኛ አገር ታካሚዎች ሞራቸው የጠነከረ ነበር። ለጠነከረ ሞራ ፋኮ ብዙ ኃይል ስለሚጠቀም ኮርኒያውን ሊያደክመው ይችላል። ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ ስለ ሠሪው ጠይቁ። ስንት ሠርተዋል? ታካሚዎቻቸው ከወር በኋላ እንዴት ያያሉ? ጥያቄው ነውር የለውም።

"በሌዘር ይሠራልኝ" የሚሉም አሉ። በሌዘር የሚታገዝ አሠራር አለ፤ ሌንስ ማውጣቱ ግን ያው የሰው እጅ ነው።

የሚሠራው ሰው "ዶክተር አይደለም" ሲባል ሰማሁ

ሊሆን ይችላል። የዓይን ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሰማሩ የካታራክት (የሞራ) ሰርጀኖችን ታሠለጥናለች። በየክልሉ ስንቱን ያዩት እነሱ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ አንድ ሥራ የሚሠራ እጅ አይናቅም። ውስብስብ የሆነውን፣ ለምሳሌ ግላኮማ (ነርቭ የሚጎዳ የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም የቆየ ጉዳት ያለበትን ዓይን፣ ወደ ሐኪም ይልካሉ። መላክ የሚገባውን የሚልክ ሠሪ ጥሩ ሠሪ ነው።

ከተሠራ በኋላ ምን ያህል ያያሉ?

ዓይኑ ሌላ ችግር ከሌለበት፣ አብዛኛው ሰው በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ልዩነቱን ያውቀዋል። ለአንዳንዱ ሳምንት ይፈጃል። ቀለም ይደምቃል። ነጭ ነጠላ ነጭ ይሆናል፤ ለካ ለዓመታት ቢጫ ሆኖ ነበር የሚታያቸው። አክስቴ ከተሠራች በኋላ መጀመሪያ ያለችው "ቤቱ እንዲህ ቆሽሾ ነው ስትኖሩበት የነበረው?" ነው።

ግን ቃል አልገባም። ሌንሱ የካሜራ መስታወት ቢሆን ከኋላ ያለው ሬቲና ፊልሙ ነው። ፊልሙ ከተቃጠለ መስታወት መቀየር ብቻ አይበቃም። በግላኮማ ነርቩ የሞተ፣ በስኳር ሬቲናው የተጎዳ፣ በትራኮማ ኮርኒያው የጠበሰ ሰው ሞራው ቢገፈፍለትም የጠበቀውን ያህል ላያይ ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት "ከሞራው ሌላ ያያችሁት ነገር አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። በብዛት "ተበላሸብን" የሚሉ ቤተሰቦች ይህን ጥያቄ ያልጠየቁ ናቸው፤ ወይም ጠይቀው ሰው በቅጡ ያልመለሰላቸው።

መነጽርም ሊቀር አይችልም። የተለመደው ሌንስ የሚስተካከለው ለሩቅ ነው። መጽሐፍ ለማንበብና ሩዝ ለመልቀም የንባብ መነጽር ያስፈልጋል። መነጽሩ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ዓይኑ ሲረጋ ይለካል። ቀድሞ መግዛት ብር መጣል ነው።

ምን ምን ሊበላሽ ይችላል? ሳትደብቂ ንገሪን

አልደብቅም። አስተማማኝ ከሚባሉት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ዜሮ አደጋ ግን የለውም።

ከባዱ ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ነው። በጥሩ ተቋም ከ1,000 ሰው በ1 ወይም ከዚያ ባነሰ ይደርሳል። ሲደርስ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ከ16 ሺህ በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአውሮፓ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ዓይን ውስጥ የሚጨመር ፀረ ባክቴሪያ ይህን አደጋ ወደ 5 እጥፍ ገደማ እንደሚቀንሰው አሳይቷል። ዛሬ ብዙ ቦታ ይሰጣል።

ሁለተኛው የቀጭኗ ከረጢት የጀርባ ግድግዳ መቀደድ ነው። ልምድ ባለው ሠሪ እጅ ከ100 በ1 ወይም በ2 ሰው ላይ ያጋጥማል። ቀዶ ሕክምናው ይረዝማል፣ አንዳንዴ ሌንሱ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በአብዛኛው ግን እይታው ይድናል። የሬቲና መላቀቅም አለ፤ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ሩቅ ማየት በሚያቅታቸው ሰዎች ከፍ ይላል። ሬቲና ላይ ውኃ መቋጠርም አለ፤ ብዙ ጊዜ በጠብታ ይሻላል።

እነዚህን ምልክቶች ፍሪጁ ላይ ለጥፏቸው፦ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ እየቀላ የሚሄድ ዓይን፣ ተሽሎት የነበረ እይታ መቀነስ፣ መግል፣ ድንገት የሚታይ የብርሃን ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። እሑድም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ኑ። ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

መቆርቆር፣ አሸዋ የገባ የመሰለ ስሜት፣ እንባ፣ ብርሃን ማስፈራት፣ መጠነኛ መቅላት ግን የተለመዱ ናቸው። በየቀኑ መሻል አለባቸው።

85 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊትም አለባቸው። ይቻላል?

ይቻላል። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ስኳሩና ግፊቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መስተካከል አለባቸው፤ በጣም ከፍ ብሎ ከመጣ መልሰን እንቀጥራለን። ያ ለእነሱ ብለን ነው።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። የደም ማቅጠኛ ራሳችሁ አታቋርጡ። ለፕሮስቴት የሚሰጥ ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት የሚወስዱ አባቶች በግድ ይንገሩን። ብሌኑን ስለሚያልፈሰፍሰው ሠሪው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የላብራቶሪ ጋጋታ ግን አያስፈልግም። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ19 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምናዎች የታዩበትና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ ለሁሉም ሰው በደፈናው የሚታዘዝ የደምና የልብ ምርመራ አደጋውን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ምክንያት ያለው ምርመራ ሌላ ነገር ነው።

በጠዋቱ ፊታቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ኩልና ቅባት አይቀቡ። ስለ ቁርስ ክሊኒኩ ራሱ የሚነግራችሁን ስሙ፤ በተለይ ስኳር ላለበት ሰው ባዶ ሆድ አደገኛ ነው።

ቤት ከገባን በኋላ ምን እናድርግ?

ሠሪው ድርሻውን በሩብ ሰዓት ጨርሷል። የቀረው አንድ ወር የእናንተ ነው።

ጠብታው። ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኢንፌክሽን የሚከላከልና ብግነት የሚያበርድ። የሁለተኛው መጠን በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ተሽሎኛል ብለው እንዳያቋርጡ፤ ካለቀ በኋላም ሌላ ገዝተው እንዳይቀጥሉ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ወደ ላይ ይመልከቱ። የታችኛውን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ጣል። የብልቃጡ ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም እንዳይነካ። ዓይናቸውን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይጨፍኑ። ሁለተኛውን ከ5 ደቂቃ በኋላ ጨምሩ፤ ወዲያው ከሆነ የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ጎረቤት ካለ ሌላ ታካሚ ጋር ብልቃጥ አትጋሩ።

ሌሊት የፕላስቲክ መከለያውን አድርገው ይተኙ። በእንቅልፍ ልብ ማሸት የሚመጣው ያኔ ነው። በተሠራው ዓይን በኩል አይተኙ።

ውኃ። ለሁለት ሳምንት ያህል ዓይን ውስጥ ውኃ አይግባ። ገላ ከአንገት በታች፤ ፀጉር ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ሰው ያጥባቸው። ፊት በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ዙሪያውን።

ጸበልስ? በየሳምንቱ የምጠየቀው ነው። መጠጣት ምንም አይልም። ሰውነት ላይ መረጨትም እንዲሁ። ዓይን ላይ ግን ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆይ። ውኃው ከየትም ይምጣ፣ ያልዳነ ቁስል ላይ ነው የሚያርፈው። ይህን ለካህኑ ስታስረዱ የሚከለክላችሁ አላጋጠመኝም፤ እንዲያውም "ሐኪሙን ስሚ" ብለው የመከሩ አሉ። ሙስሊም እናቶች ደግሞ ስለ ውዱእ ይጠይቁኛል። ኢማማቸውን ጠይቀው በተየሙም፣ ማለትም ያለ ውኃ በሚደረገው መንጻት፣ የሚሰግዱ አሉ።

ስግደት ራሱ ሌላ ነገር ነው። ግንባርን መሬት ማስነካት፣ ጎንበስ ብሎ ባልዲ ማንሳት፣ ጤፍ መሸከም የዓይንን ግፊት ይጨምራል። ለሁለት ሳምንት ገደማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጸልዩ፤ ከራስ መጎንበስ በቂ ነው።

ወጥ ቤት። ምጣድ ሥር ያለው ጭስ፣ የሽንኩርት መክተፍ፣ የበርበሬ መደለዝ ይቅርባቸው። ቡና ላይ ይቀመጡ፤ ከሰሉን ግን ሌላ ያርግብግብ፣ እጣኑም ራቅ ይበል። ይህን ስነግራቸው እናቶች ይስቃሉ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ምጣድ ላይ ይገኛሉ። የልጅ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ምጣዱን ጎረቤት ቤት ደብቃ ነበር። ሸለምኳት ብል ይቀለኛል።

መራመድ፣ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ የፈለጉትን መብላት ይቻላል። "ሽሮ ያመግላል" የሚባለውን እርሱት። ውጪ ሲወጡ ጥቁር መነጽር ከአቧራውም ከፀሐዩም ያድናል። ገበሬ ከሆኑ ግን ማረሱና እበት መዛቁ ወር ያህል ይቆይ።

ከገጠር ነው የመጣነው። በዚያው ቀን ሂዱ ማለት ለኛ ምን ማለት ነው?

ትክክል ናችሁ። "ተመላላሽ" የሚለው ቃል ቤቱ ቅርብ ለሆነ ሰው ነው የተሰፋው። ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ የመጣ ሰው በዚያው ቀን መመለስ የለበትም። ቢያንስ በማግስቱ እስኪታዩ፣ ከተቻለም ሳምንት ያህል፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ ጋ ወይም አልቤርጎ ይረፉ። ይህን ወጪ ከቀዶ ሕክምናው ዋጋ ጋር ደምራችሁ ተነሱ። ከቤታችሁ አቅራቢያ የዓይን ክፍል ያለው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነም ሳትሄዱ ጠይቁ። ምልክት ቢመጣ ወደዚያ ነው የምትሮጡት፤ እኛ ጋ ለመድረስ ቀን አታባክኑ።

በዘመቻ የሚሠራው ጥራት አለው?

ጥሩ የተደራጀ ከሆነ አለው። ትግራይ ውስጥ ኲሓ፣ ምሥራቅ ላይ ቢሲዲሞ በመሳሰሉ ቦታዎች በአንድ ሳምንት ብዙ ሰው የሚሠራባቸው ዘመቻዎች ተካሂደዋል። በዘመቻ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ያድራሉ፤ ጠዋት በሰልፍ ተቀምጠው ፋሻቸው ይነሳል። ያንን ጠዋት ያየ ሰው አይረሳውም። ብዙ ሰው በአንድ ቀን መሥራቱ በራሱ ጥራትን አይቀንስም። ደቡብ ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 ማዱራይ ላይ የተጀመረው የአራቪንድ ሆስፒታል ይህን ካሳዩት አንዱ ነው።

የዘመቻ ድክመቱ ሌላ ነው። ቡድኑ ይሄዳል። ስለዚህ "እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ዓይኗ ቢቀላ ለማን እናሳይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የአንድ ሰው ስም ወይም የአንድ ሆስፒታል ስም ካልሆነ፣ እስኪሆን ድረስ አትነሱ።

ሞራው ተመልሶ ይመጣል?

ራሱ አይመጣም፤ ሌንሱ ወጥቷል። ነገር ግን የቀረችው ከረጢት የጀርባ ግድግዳ በወራት ወይም በዓመታት ልትደፈርስ ትችላለች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ5 ሰው በ1 ላይ ያህል ይደርሳል። በሌዘር ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀዳዳ ይከፈትላታል፤ መቀደድም መስፋትም የለም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ "እንደገና ጭጋግ ሆነብኝ" ካሉ ተስፋ አይቁረጡ፤ ይምጡ።

ሁለቱም ዓይን በአንድ ቀን ይሠራ?

አንዳንድ አገር ይሠራል። እኛ ጋ አንዱ ድኖ ነው ሌላው የሚሠራው፤ በአብዛኛው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ። ችግር ቢመጣ ሁለቱንም እንዳይዝ ነው።

ሕፃን ልጅ ላይ ሞራ አየን

ይህ የተለየ ነው። ብሌኗ ውስጥ ነጭ ነገር ካያችሁ "ታድግና እናያለን" አትበሉ። የልጅ አንጎል ማየትን የሚማረው በልጅነት ነው፤ ካለፈ አይመለስም። ሙሉ ሰመመንና የልጆች ዓይን ባለሙያ ስለሚፈልግ በዚያው ቀን የሚባለው አሠራር ሁልጊዜ አይሠራለትም። በዚህ ሳምንት ውሰዷት።

ልጃቸው ውጪ አገር ናት። ከተሠሩ በኋላ አውሮፕላን መሳፈር ይችላሉ?

ከተለመደው የሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ በረራው ራሱ ዓይኑን አይጎዳውም። የሚከለከለው ሬቲና ተሠርቶ ዓይን ውስጥ ጋዝ የተሞላለት ሰው ነው። ችግሩ ክትትሉ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰማይ ላይ ሆነው ዓይናቸው ቢቀላ ማን ያያቸዋል? የመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ትኬት ቁረጡ። ጠብታውን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ሻንጣ ይጠፋል። የሌንሱ ቁጥር የተጻፈበትን ካርድም አብራችሁ ያዙ፤ እዚያ ያለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።